ኦክሲቶሲን፦ ከማዋለጃ ክፍል እስከ ቢዝነስ ትምህርት ቤት

ልጁ ተወልዶ ገና እያለቀሰ ሳለ አዋላጇ የእናቲቱ ጭን ላይ የምትወጋት አንዲት መርፌ አለች። በውስጧ ያለው ኦክሲቶሲን ነው፤ መጠኑም 10 ዓለም አቀፍ ዩኒት። ማህፀኑን ያኮማትረዋል፤ እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ ላይ የተከፈቱት የደም ሥሮች ተጨምቀው ይዘጋሉ። ማህፀኑ እምቢ ብሎ ልፍስፍስ ካለ እናቲቱ በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ደም ልታጣ ትችላለች። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው ይህን ሁሉ አልፋ ለተገኘች ሴት ነው።

በሙያዬ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ኦክሲቶሲን ለእኔ በማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ የባች ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የሚመዘገብ፣ ክምችቱ ሲመናመን ጥያቄ የሚጻፍለት የወላድ መድኃኒት ነበር። በኋላ ማታ ማታ የሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ስማር ግን ይኸው መድኃኒት ባላሰብኩት በር መጣ። ስለ ሠራተኞች ተነሳሽነት በምንማርበት ክፍለ ጊዜ ስላይዱ ላይ «የመተማመን ሆርሞን» ተብሎ ተጽፎ አየሁት። ሠራተኞቹን የሚያመሰግን፣ የሚያማክርና ነፃነት የሚሰጥ አለቃ የኦክሲቶሲናቸውን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲናቸው ከፍ ያለ ሰዎች እርስ በርስ ይተማመናሉ፤ ሠራተኞቹ የሚተማመኑበት ድርጅትም ያተርፋል የሚል ነው ሐሳቡ። ከግርጌው የአንድ ጥናት ዓመት ተጠቅሷል፤ 2005። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ጥናት ፈልጌ አነበብኩት፤ ተከትለውት የመጡትንም እንዲሁ። ሕክምና፣ የአንጎል ሳይንስና ቢዝነስ በአንድ ጥናት ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ከዚህ ሆርሞን ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ እስካሁን አላገኘሁም። ያሳሰበኝም አንድ ነገር ነው፦ ግኝት ከአንድ ሙያ ወደ ሌላው ሲሻገር ተቀባዩ ወገን ሳይመረምር ይቀበለዋል፤ መመርመሪያው ያለው በሰጪው ሙያ እጅ ስለሆነ። በሦስት ሙያዎች መካከል የሚሻገር ከሆነ ደግሞ ማንም ሙሉውን ያየ ሳይኖር ሁሉም ያመነው እውነት ሆኖ ይቀመጣል።

የሕክምናው ወገን ታሪክ ረጅም ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል በ1906 ከአንጎል ሥር ከምትገኘው ከፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል የተጨመቀ ፈሳሽ የእርጉዝ ድመትን ማህፀን እንደሚያኮማትር አሳየ። ሐኪሞች ጭማቂውን ለወላዶች መስጠት የጀመሩት ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1953 ቪንሰንት ዱ ቪኞ በኒውዮርክ የሆርሞኑን ቅርጽ ለይቶ በቤተ ሙከራ ሠራው፤ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ሰንሰለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ ሥራው በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ዕጢ መጭመቅ ቀረ፤ መድኃኒቱ በንጽሕና፣ በታወቀ መጠን፣ በርካሽ ዋጋ መመረት ጀመረ። አገራችን ውስጥ በእናቶች ሞት ላይ የታየው ለውጥ ብዙ ምክንያት አለው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋት፣ አምቡላንስ፣ የአዋላጆች ሥልጠና። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በ2000 ከ100 ሺህ ወሊዶች 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። እናት ጤና ጣቢያ ደርሳ ከምታገኛቸው ነገሮች አንዱ ይህች መርፌ መሆኗን ግን መዘንጋት አይገባም።

የአንጎሉ ወገን የመጣው ከአይጥ ነው። በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ክፍል ሜዳዎች ላይ የምትኖር ፕሬሪ ቮል የምትባል ትንሽ አይጥ አለች፤ ከአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት በተለየ ከአንድ ተባዕት ጋር ተጣምራ የምትኖር። ሱ ካርተርና ቶማስ ኢንሰል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ ኦክሲቶሲንን በቀጥታ ወደ እንስቷ አንጎል ሲሰጡ ከተባዕቱ ጋር የሚኖራት ትስስር እንደሚፋጠን አሳዩ። ምጥና ጡት ማጥባትን የሚያንቀሳቅስ ሆርሞን ፍቅርንም የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ነገሩ ውብ ነው። ማን ይጠላዋል? እናት ልጇን ስትታቀፍ የሚሰማትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሐሳቡን ለመቀበል ቅርብ ነው።

ሦስተኛው ወገን ኢኮኖሚክስና ቢዝነስ ነው። በርግ፣ ዲክሃውትና ማክኬብ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 «የመተማመን ጨዋታ» የሚባለውን ሙከራ አወጡ፤ መተማመንን በገንዘብ መለካት የሚያስችል ነበር። በ2005 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ እነ ሚካኤል ኮስፌልድ፣ ማርከስ ሃይንሪክስና ኤርንስት ፌር ሦስቱን ክሮች በአንድ ጨርቅ ሸመኑ። ከሕክምና ሆርሞኑን፣ ከአንጎል ሳይንስ የትስስሩን ሐሳብ፣ ከኢኮኖሚክስ ጨዋታውን ወሰዱ። ውጤቱ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ።

ሙከራውን ቀረብ ብለን እንየው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ነገር አለና። ተሳታፊዎቹ በሙሉ ወንድ ተማሪዎች ናቸው። ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት ነፍሰ ጡር ልትሆን ለምትችል ሴት በዋዛ አይሰጥምና ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም ስለ ወሊድና ስለ ማጥባት ሆርሞን የተነገረው ታላቅ ዜና አንዲትም ሴት ያልተሳተፈችበት መሆኑ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ተማሪው 24 ዩኒት ኦክሲቶሲን ወይም ምንም የሌለበት ማስመሰያ በአፍንጫው ይነፋል፤ የትኛው እንደ ደረሰው አያውቅም። ለአንድ ሰዓት ያህል ጠብቆ ጨዋታው ይጀመራል። ለእርሱም፣ ፊቱን ለማያየው ባልንጀራውም 12 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ነጥቡ በኋላ በስዊስ ፍራንክ ይመነዘራል። ተማሪው ከ12ቱ ምንም አለመላክ፣ 4፣ 8 ወይም ሁሉንም መላክ ይችላል። የላከው በሦስት ተባዝቶ ባልንጀራው ዘንድ ይደርሳል፤ ስለዚህ 12ቱንም ከላከ ባልንጀራው 48 ይዞ ይቀመጣል። ባልንጀራው ደግሞ የፈለገውን ያህል ሊመልስ፣ ካልፈለገም ምንም ላይመልስ ይችላል። የላኪው መተማመን የሚለካው በላከው መጠን ነው።

በዋናው ጨዋታ በላኪነት የተቀመጡት ኦክሲቶሲን የወሰዱት 29፣ ማስመሰያ የወሰዱት 29፣ በድምሩ 58 ወጣቶች ናቸው። ኦክሲቶሲን ከወሰዱት 13ቱ ያላቸውን ሁሉ ላኩ፤ ከሌሎቹ ደግሞ 6ቱ። 45 በመቶ ከ21 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። በአማካይ የተላከው ገንዘብ ልዩነት 17 በመቶ ነበር። ገንዘቡን የሚመልሰው ሰው ሳይሆን ዕጣ የሚያወጣ ማሽን ሲሆን ልዩነቱ አልታየም፤ አጥኚዎቹም ሆርሞኑ የሚነካው በሰው ላይ ያለንን እምነት እንጂ አጠቃላይ ድፍረትን አይደለም አሉ። ተቀባዮቹ ላይም ለውጥ አልታየም፤ ኦክሲቶሲን የወሰደ ተቀባይ ከሌላው አብልጦ አልመለሰም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ እኔ ባየሁት ስላይድ ላይ አልነበረም። ሰው ይበልጥ እንዲያምን የሚያደርግ፣ የታመነውን ግን ይበልጥ ታማኝ የማያደርግ ነገር ለአለቃ ጥሩ ዜና ነው ወይስ ለአጭበርባሪ? ሁሉም የቢዝነስ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነበር።

ሙከራው በራሱ ጨዋ ሥራ ነው። ማስመሰያ አለው፤ በስውር ተደልድሏል፤ ተጨማሪ መቆጣጠሪያ አለው። ያስገረመኝ ከእርሱ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው የኔቸር እትም ላይ ታዋቂው የአንጎል ተመራማሪ አንቶኒዮ ዳማሲዮ ማብራሪያ ጽፎ፣ ፖለቲከኞች በሰልፍ ላይ ሕዝቡን ሆርሞን ይረጩ ይሆን የሚል ስጋት ሊነሳ እንደሚችል ጠቀሰ። አሜሪካ ውስጥ ልብስ ላይ የሚረጭ «የመተማመን» ፈሳሽ በኢንተርኔት መሸጥ ተጀመረ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ፖል ዛክ በ2011 ቴድ በተባለው የንግግር መድረክ ቆሞ በቀን ስምንት ጊዜ መተቃቀፍን መከረ፤ በ2017 ደግሞ ለሥራ አመራር አንባቢ ስለ መተማመን የአንጎል ሳይንስ በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ጻፈ። አዲስ አበባ የምሽት ክፍል ውስጥ ለእኔ የደረሰኝ የዚህ ወንዝ ጅረት ነው።

የፋርማሲ ሰው ስለ ማንኛውም መድኃኒት መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር አለ፦ የታሰበለት ቦታ ደርሷል ወይ? ኦክሲቶሲን በአፍ ቢዋጥ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። በደም ሥር ቢሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ደምን ከአንጎል የሚለየውን አጥር አልፎ የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። በአፍንጫ ሲነፋስ? የዙሪክ ሰዎች የተመረኮዙት በ2002 በወጣ አንድ ጥናት ላይ ነበር። ያ ጥናት በአፍንጫ የተሰጡ ሆርሞኖች በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይቷል፤ የለካው ግን ቫሶፕሬሲንንና ሌሎች ሁለት ሆርሞኖችን እንጂ ኦክሲቶሲንን አልነበረም። ቫሶፕሬሲን የኦክሲቶሲን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከዘጠኙ አሚኖ አሲዶች የሚለዩት በሁለቱ ብቻ ነው። ዘመድ ግን ዘመድ ነው፤ ራሱ አይደለም። በማዋለጃ ክፍል እንዲህ ያለ ምትክ ማንም አይቀበልም። በ2016 የኤድንበራዎቹ ጋሬዝ ሌንግና ማይክ ሉድቪግ ይህን ጉዳይ መርምረው፣ በአፍንጫ ከሚሰጠው ውስጥ ወደ አንጎል የሚደርሰው ኢምንት መሆኑንና ብዙው ወደ ደም እንደሚገባ በግልጽ ጻፉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መተማመን የጨመረው ሆርሞኑ አንጎል ስለ ደረሰ ነው ሲባል ቆይቶ ማለት ነው።

አገራችን እቁብ ላይ መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ ለመሄድ ዋስ ይጠራል። ዋሱ የሚያውቀው፣ የሚጠየቅለት ሰው ነው። በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ የጎደለው ዋስ ነው። የቢዝነስ መምህሩ የአንጎል ተመራማሪው ያረጋገጠው ነገር ነው ብሎ ያምናል። የአንጎል ተመራማሪው በጨዋታው ውስጥ ያለው ስታቲስቲክስ የኢኮኖሚስቶች ሥራ ስለሆነ ደህና ነው ብሎ ያስባል። ኢኮኖሚስቱ መድኃኒቱ አንጎል መድረስ አለመድረሱን ለመድኃኒት ሰዎች ይተዋል። የመድኃኒት ሰዎች ደግሞ፣ እኔን ጨምሮ፣ የቢዝነስ መጽሔት አናነብም። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ መርምሮ መገጣጠሚያውን ማንም ሳያየው ያልፋል። በዚህ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ የሚያሳስበው።

መገጣጠሚያውን መፈተሽ የጀመሩት ከራሱ ከመስኩ ውስጥ የወጡ ሰዎች ናቸው። ቤልጂየም ውስጥ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ እነ ሞይራ ሚኮላይቻክ በ2010 አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ተሳታፊው ምስጢራዊ ነገር የመለሰበትን መጠይቅ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ለአጥኚው ይሰጣል፤ ፖስታውን ክፍት ሊተው፣ ሊያሽገው፣ ወይም አሽጎ ፕላስተር ሊለጥፍበት ይችላል። ኦክሲቶሲን የወሰዱት በብዛት ሳያሽጉ ሰጡ። አስደናቂ ውጤት ነበር። እነዚሁ ሰዎች በኋላ ሙከራውን አጥብቀው፣ አጥኚውም ማን ምን እንደ ወሰደ እንዳያውቅ አድርገው ደገሙት፤ ውጤቱ ጠፋ። በ2015 ይህን ራሳቸው አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ ያልተለመደ ነገር አደረጉ፦ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፍተው በኦክሲቶሲን ላይ የሠሯቸውን ጥናቶች በሙሉ፣ የታተሙትንም ያልታተሙትንም፣ በአንድ ላይ አስቀመጡ። ውጤት ያሳዩት ታትመዋል፤ ውጤት ያላሳዩት በመጽሔቶች ተቀባይነት አጥተው መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። ሁሉም ሲደመሩ ሆርሞኑ አደረገ የተባለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ለነዚያ ሰዎች ያደረብኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ስማቸውን ያስጠራላቸውን ግኝት በገዛ እጃቸው መልሰው ለመመዘን የደፈሩ ሰዎች ናቸው።

በዚያው በ2016 ሃሴ ዋሉምና በፕሬሪ ቮል ምርምር ስሙ የገነነው ላሪ ያንግ ከባልደረባቸው ጋር ሌላ ስሌት አወጡ። በአፍንጫ የሚሰጥ ኦክሲቶሲንን በጤነኛ ሰዎች ላይ የሞከሩት ጥናቶች፣ ውጤቱ በእርግጥ ቢኖር እንኳ ሊያገኙት የሚችሉበት ዕድል በአማካይ 16 በመቶ ብቻ እንደሆነ ገመቱ። ናሙናቸው ትንሽ ስለሆነ ነው። እንዲህ ባለ መስክ ውስጥ አንድ ጥናት «አገኘሁ» ሲል ያገኘው የአጋጣሚ ፍሬ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። በሕሙማን ላይ የተያዘው ተስፋም ተፈተነ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ማኅበራዊ ግንኙነታቸው ይሻሻል እንደሆነ ለማየት ከ3 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 290 ልጆች ለ24 ሳምንታት ኦክሲቶሲን ወይም ማስመሰያ በአፍንጫቸው ሲወስዱ ቆዩ። ውጤቱ በ2021 ታተመ፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ስታቲስቲክሱ ሳይሆን በየቀኑ ያንን መርጫ ልጃቸው አፍንጫ ውስጥ ሲያደርጉ የኖሩት ወላጆች ናቸው። በ2023 ደግሞ የኦክሲቶሲን መቀበያ ዘረመላቸው የተሰረዘባቸው ፕሬሪ ቮሎች እንኳ እንደ ወትሯቸው ተጣመሩ።

ከሁሉም የከበደው ማስረጃ በ2020 መጣ። በአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ፋኩልቲ የምትሠራው ካሮሊን ደክለርክ የዙሪክን ሙከራ ከባልደረቦቿ ጋር ደገመች። አሠራሩ ከመጀመሩ በፊት ተመዘገበ፤ ምን እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚሰላ፣ ስንት ሰው እንደሚሳተፍ አስቀድሞ ተጻፈ። ተሳታፊዎቹ 58 ሳይሆኑ 677 ነበሩ። ኦክሲቶሲን በመተማመን ላይ ያመጣው አጠቃላይ ለውጥ አልተገኘም። ለሰው የማመን ዝንባሌያቸው ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ላይ በአንድ ሁኔታ ጭላንጭል ታይቷል፤ እርሱም ገና ሌላ ማረጋገጫ የሚፈልግ ነው። ከጸሐፊዎቹ ስም መጨረሻ ላይ ማን እንዳለ ሳይ ግን ቆም አልኩ፤ ኤርንስት ፌር። የ2005ቱ ጥናት ባለቤት የራሱ ግኝት አልደገመም በሚለው ጽሑፍ ላይ ስሙን አኖረ። ስለ መተማመን ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

ኦክሲቶሲን አንጎል ውስጥ ሥራ የለውም እያልኩ አይደለም። አንጎል ራሱ የሚሠራውና የሚጠቀምበት ሆርሞን ነው፤ ጥያቄው በአፍንጫ የተነፋው 24 ዩኒት የቢሮ ባህልን ይለውጣል ወይ ነው። ሠራተኛን ማመስገንም ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን የሆርሞን ምስክርነት አያስፈልገውም። አያቶቻችን ሠራተኛን ማክበር የሚያስገኘውን ለማወቅ የአፍንጫ መርጫ አልጠበቁም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስና ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ኦክሲቶሲን ትልቅ ድክመት አለው፤ ሙቀት አይችልም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ካርቤቶሲን የሚባል፣ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ የቅርብ ዘመዱ ሊተካው ይችል እንደሆነ ለማወቅ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች፣ በ23 ሆስፒታሎች፣ በ29,645 ወላዶች ላይ ጥናት አድርጎ በ2018 አሳተመ። ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም የፈሰሳቸው ወይም ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈለጋቸው በካርቤቶሲን 14.5፣ በኦክሲቶሲን 14.4 በመቶ ነበሩ፤ ካርቤቶሲን ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ተረጋገጠ። አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ በፈሰሳቸው ላይ ደግሞ 1.51 እና 1.45 በመቶ ነበር። ለእኔ ለአንባቢው ቁጥሮቹ እኩል ይመስላሉ። አጥኚዎቹ ግን አስቀድመን ባስቀመጥነው መለኪያ መሠረት በዚህኛው ላይ እንደማያንስ ማረጋገጥ አልቻልንም ብለው ጻፉ። ወደ ሠላሳ ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ይዘው «ይህን ማለት አንችልም» የሚል ሙያና 58 ወጣቶች ላይ የተገኘን ነገር ለዓለም ሥራ አስኪያጆች የሚያስተምር ሙያ ስለ አንድ ሆርሞን ቤተሰብ እየተናገሩ ነው።

ሕክምና እንዲህ የሚጠነቀቀው በተፈጥሮው ጠንቃቃ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ሰው ተጎድቶበት የተማረው ነው። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አስቀድሞ ያልተመዘገበ የሕክምና ሙከራ አናትምም ያለው ደንብ ተግባራዊ የሆነው በሐምሌ 2005 ነው፤ የዙሪኩ ጥናት በሰኔ መጀመሪያ በወጣ በወሩ። ያው ሆርሞን በሕክምናው በር ሲገባ መዝገብ ይጠየቃል፤ በኢኮኖሚክሱ በር ሲገባ የሚጠይቀው አልነበረም። ደክለርክ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ያደረገችው የሕክምናውን በር ወደ ኢኮኖሚክስ ማምጣት ነው።

ቢዝነስና ሕክምና መገናኘታቸውን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። መገናኛቸው ሌላ ቦታ ነው እላለሁ። ለሥራ በሄድኩበት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የማቀዝቀዣውን የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ አይቼ አውቃለሁ። በግራ ቀኑ፣ ቀጥሎ ጠዋት፣ ቀጥሎ ማታ። ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ሁሉም ሳጥን ውስጥ 5 ዲግሪ ተጽፏል። በዚያ ወር መብራት ቀናትን ሙሉ ጠፍቶ እንደነበር ሠራተኞቹ ራሳቸው ነገሩኝ። የክትባቱ ማቀዝቀዣ በሶላር የሚሠራ ስለነበር ደህና ነበር፤ ኦክሲቶሲኑ ግን ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ መስኮት ሥር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። «የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሌላ መድኃኒት አይገባም ተብለናል» አለችኝ አዋላጇ። ሲስተር ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ የታዘዘችውን አክብራለች። የሚፈሰውን ደም ለማቆም አንድ አምፑል (የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ) ሰጥታ አልቆም ሲላት ሁለተኛ እንደምትደግም ነገረችኝ። አምፑሉን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ኃይሉን ያጣ ኦክሲቶሲን ካላጣው በዓይን አይለይም።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በ2019 በጋራ ባወጡት መግለጫ ኦክሲቶሲን በቅዝቃዜ ሰንሰለት ውስጥ እንዲያዝ፣ ከክትባት ጋርም መቀመጥ እንደሚችል አሳስበዋል። ይህን ወረቀት ያቺ አዋላጅ ዘንድ ማድረስ የአቅርቦት፣ የአመራርና የመረጃ ፍሰት ሥራ ነው፤ በቢዝነስ ትምህርት ቤት የተማርኩት ሁሉ ማለት ነው። የካርቤቶሲንም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አምራቹ ፌሪንግ ዝቅተኛና ዝቅተኛ-መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱን በ0.31 ዶላር ገደማ ለማቅረብ ተስማምቷል፤ ስምምነቱ ከሌለ የ29,645 ሴቶች ጥናት ሀብታም አገር ብቻ የሚጠቀምበት ዕውቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ጥናትን፣ ዋጋንና ማቀዝቀዣን ማገናኘት የሥራ አመራር ሰው ዋና ሥራ ነው።

ለዚህ ያየሁት ትልቁ ምሳሌ በ2023 የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ፣ በ80 ሆስፒታሎች፣ 210,132 ሴቶች በተለመደው መንገድ የወለዱበት። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። የፈሰሰውን ደም በዓይን ግምት ከመገመት ይልቅ መለኪያ መስመር ባለው ፕላስቲክ እየሰበሰቡ ማየት፣ ማህፀኑን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ደም የሚያረጋ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ምርመራ፤ እነዚህን አንድ በአንድ ተራ እየጠበቁ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ማድረግ። ከዚያ የሥልጠና፣ የዕቃ ሳጥንና የተጠያቂ ሰው አደረጃጀት። ደም መፍሰሱ በጊዜ የታወቀላቸው በተለመደው አሠራር 51 በመቶ ሲሆኑ፣ በአዲሱ 93 በመቶ ሆኑ። ከባድ ደም መፍሰስና ተያያዥ ጉዳት በ60 በመቶ ቀነሰ። ይህ ሕክምና ነው፤ የሥራ አመራርም ነው። ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ሲገምት ለምን እንደሚሳሳት ለሚጠይቅ የአንጎል ሳይንስም ነው። ሦስቱ ሙያዎች በእናቲቱ አልጋ አጠገብ ተገናኙ፤ ዋሱም ሁለት መቶ አሥር ሺህ ወሊድ ነው።

ስለዚህ ለሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በተለይ ከጤና ሙያ የመጣችሁ፣ የመተማመን መጠይቅ ለመቶ ሠራተኛ ከመበተናችሁ በፊት እነዚህን አስቡባቸው። በአንድ ዞን ውስጥ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ኦክሲቶሲንን የት ያስቀምጣሉ፤ ማንስ ወሰነ? ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ጥገና እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል፤ ወጪው በማን በጀት ላይ ነው? የሙቀት ቅጹ ላይ እውነተኛውን ቁጥር የጻፈ ሠራተኛ ይመሰገናል ወይስ ይጠየቃል? ደም መለኪያ ፕላስቲኩ አገር ውስጥ ቢመረት ስንት ብር ይወጣል? የምትለኩትን አስቀድማችሁ ጻፉና ለአማካሪያችሁ በቀን አስፈርሙ፤ ቢቻል ከመድኃኒት፣ ከአዋላጅነትና ከስታቲስቲክስ አንድ አንድ ሰው ረቂቁን እንዲያነብላችሁ ለምኑ። ከፋርማሲው ወገን የሚያነብላችሁ ካጣችሁ እኔ በደስታ አነባለሁ።